በጨረሩ ፈንታ መርፌ

ለወንድሜ ለጋሼ ሰብስቤ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ መስከረምስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ፤ ጉሮሮዬ ገና ቢሆንም ንዴቱ ጉልበት ሰጥቶኛል። የእማዬን ጤና አልጠይቅህም፤ አንተን ማመን ትቻለሁ። ስደውል ስለማታነሣ ጻፍኩልህ። ልጄ ቢታንያ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልሃለች፤ አላየሁም ማለት የለም።

እስቲ ያልኩህን አስታውስ። የጉሮሮዬ ካንሰር የሚታከመው በጨረር ነው። ጨረሩ ምራቄን አደረቀውና ውሃ እንኳ አልወርድ አለኝ። ያኔ ሐኪሜ ራሷ እዚሁ ኮሎምበስ ዳውንታውን አኩፓንክቸር የሚሉትን የመርፌ ሕክምና ወደሚሠሩት ላከችኝ። ቀጫጭን መርፌ ጆሮዬና ጣቴ ላይ ሰኩልኝ፤ ከጊዜ በኋላ አፌ ትንሽ ረጠበ፣ አጥሚት መዋጥ ቻልኩ። ይኸው ነው! መርፌው ጨረሩን እንድችለው አገዘኝ እንጂ ካንሰሩን አልነካውም። ይህንኑ በስልክ ነግሬሃለሁ።

አንተ ግን የሚመችህን ብቻ ሰማህ። እማዬ ስንት ወር የጠበቀችውን የጨረር ወረፋ አሰርዘህ፣ አሜሪካም በመርፌ ነው የሚድኑት፣ ሮማን ምስክሬ ናት ብለህ እዚያው አዳማ መርፌ እሰካለሁ ለሚል ሰው አስረከብካት። በእኔ ስም! ኧረ ጉድ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ ይባላል፤ ዶሮዋስ ያነቀችው ራሷን ነው፣ አንተ ግን እናታችንን! አዲስ አበባ መመላለሱ ሰለቸህ፣ በቃ። ሰው ለእናቱ ይሰንፋል?

እሷም አልተከራከረችህም፤ በምን አውቃ? የማህፀን ካንሰሯን ቁስለት ነው በሏት፣ እውነቱን ከሰማች ትሞትብናለች ብለህ ሁላችንንም አፋችንን አስያዝከን። እኔም የቤተሰብ ወግ ነው ብዬ ተቀብዬ ነበር። ለካ ዝምታችን ለአንተ ተመችቶሃል።

ስለዚህ ረቡዕ ዕለት ባለቤትህ መስከረም ስልኩን ለእማዬ አቀበለቻትና ነገርኳት። ካንሰር ነው አልኳት። መርፌው ሕመሙን ቢያቀልልሽ እንኳ ጨረሩን አይተካም አልኳት። እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከመጀመሪያውም ጠርጥራ እንደነበር፣ እኛ እንዳንደነግጥ ብላ ዝም እንዳለች ነገረችኝ። አለቀስኩ፣ እሷ ግን አላለቀሰችም። ወረፋው መቼ ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

መስከረም ሆስፒታሉን ለምና ለሰኞ ጠዋት ቦታ አስይዛላታለች። ይዛት የምትሄደውም እሷ ናት። አንተ መኪናውን ታቀርባለህ፤ ስለ መርፌ አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትል።

መስከረምን እግሯ ላይ ብወድቅ አልጠግብም በልልኝ። ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ቢታንያም አያቴን ሳሙልኝ ትላለች። ለአንተ ሰላምታ የምልከው እማዬ ጨረሩን ጀመርኩ ብላ በራሷ አፍ ስትነግረኝ ነው።

እህትህ ሮማን
ዌስተርቪል፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ
ጥቅምት 13 ቀን 2014 ዓ.ም.