የባለ ጆሮው መካኒክ የሕይወት ታሪክ፣ ስለ ቀይዋም መኪና እውነቱ

እናንተ «ባለ ጆሮው» የምትሏቸው፣ እኔ «ወንድም ጋሼ» እያልኩ የምጠራቸው መካኒኩ ታላቅ ወንድሜ፣ ከወፍጮ ቤት ሠራተኛው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከወፍጮው ጋር አንድ ግድግዳ ትጋራ ነበር። ሕፃኑ ወፍጮው ሲጮህ ይተኛሉ፣ ድምፁ ሲለወጥ ይነቃሉ። አባታችን የወፍጮው ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ መላላቱን የሚያውቁት በልጁ ለቅሶ እንደነበር ይናገሩ ነበር። አባታችን ማጋነን ስለሚወዱ ግማሹን ብቻ እመኑ።

ይህን ታሪክ የጻፍኩትም፣ አሁን ቆሜ የማነበውም፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የማንሳቸው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። በዚህ ሰፈር የወንድም ጋሼ ስም ሲነሳ «ያ ቀይዋን መኪና ያቃጠለው» የማይል ሰው የለም። ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። እንግዲያው አፈር ሳይለብሱ በፊት ይህ ስም ከላያቸው ይነሳ ዘንድ የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በ1964 ዓ.ም. ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1967 ዓ.ም. ተመርቀው ከገበያው ጀርባ ባለው ትልቁ ጋራዥ ተቀጠሩ። ጥቂት ዓመታት እንደ ሠሩ የውድድር መኪኖች ሁሉ ወደ እሳቸው ይመጡ ጀመር። የውድድር መኪና ሞተር የሚስተካከለው በጥቂት በጥቂቱ ነው። ቤንዚኑና አየሩ የሚደባለቁበት መጠን አለ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት አለ። ወንድም ጋሼ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ባለ መኪናው ሊያወራቸው ቢሞክር በእጃቸው ዝም ያሰኙታል።

አንድ ሕግ ነበራቸው። «በአንድ ቀን ሁለት ነገር አይነካም» ይሉ ነበር። «ሁለቱን ነካክተህ ቢበላሽ፣ የትኛው እንዳበላሸው በምን ታውቃለህ?» አስተካክለው ሲጨርሱ ደግሞ ያስተካከሉትን ነገር ከሞተሩ አካል ጋር በአንድ ቀጭን ቀይ መስመር ያያይዙታል። ሌላ እጅ ከነካው መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ቀለሙ የባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ነበር።

ባለቤታቸውን፣ እትዬን፣ ያገኙት በሥራቸው ምክንያት ነው። በእትዬ ፀጉር ቤት በር ሲያልፉ የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ አላስኬድ ቢላቸው ገብተው «የዚህ ኩሽኔታው አልቋል» አሉ። እትዬም «ሰላምታስ በአገሩ የለም?» አሏቸው። በ1973 ዓ.ም. ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እትዬ ሲያማርሩ «ሁለት መንገድ ተሻግሮ ቫልቭ ሲንኳኳ ይሰማል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ሦስቴ ስጠራው አይሰማም» ይሉ ነበር። የጥፍር ቀለማቸውም በየወሩ ያልቅ ነበር።

በ1985 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት፣ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወንድም ጋሼ የሰፈራችን ፋርማሲስት ለእሑዱ ውድድር የሚነዷትን ቀይ መኪና ሲያዘጋጁ አረፈዱ። የካርቡሬተሩን ቤንዚን ቀንሰው፣ መኪናዋን አስነድተው፣ አዳምጠው ጨረሱ። ፋርማሲስቱ «ቀጥታው መንገድ ላይ ትሰንፋለች፤ እሳቱንም ቀደም ያድርጉልኝ» ብለው ለመኗቸው። ወንድም ጋሼ «ለዛሬ ይበቃታል። እሳቱን በሚመጣው ሳምንት እናየዋለን» ብለው፣ በካርቡሬተሩም እሳቱን በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተርም ላይ ቀዩን መስመር አስምረው፣ እጃቸውን ታጥበው ወደ ምሳ ሄዱ።

እኔ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፤ በዚያው ጋራዥ እሠራ ነበር። ጓደኞቼ «ቁልፍ አቀባይ» ይሉኝ ነበር፤ ያንገበግበኝ ነበር። ሰዎቹ ሁሉ ምሳ ላይ ሳሉ በአሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን አላልቼ፣ እሳቱ ቀድሞ እንዲነሳ አንድ ጣት ያህል አዞርኩትና መልሼ አጠበቅኩት። መስመሩ ሲከፈል አይቻለሁ። ነገ መኪናዋ ስታሸንፍ «እኔ ነኝ» ልል ነበር አሳቤ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ የኔ ነገር ይኸው ነው።

በማግስቱ መኪናዋ ሁለቱን ዙር በረረች። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ወንድም ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «እየተንኳኳች ነው! አስቁሙት!» እያሉ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ በአጥሩ ጥግ ሮጡ። አጠገባቸው የነበሩት ሳቁባቸው፤ እኔ አልሳቅኩም። በሦስተኛው ዙር፣ ቤንዚኑ ባነሰበት ላይ እሳቱም ስለ ቀደመ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ ፒስተኑ ተበሳ። ዘይቱ ፈንድቶ የኋላ ጎማው ላይ ፈሰሰ፤ መኪናዋ ተንሸራትታ ከግንቡ ጋር ተላተመች። ፋርማሲስቱ ቀኝ እግራቸውን ከጉልበታቸው በታች አጡ።

የውድድሩ ኮሚቴ ሰዎች እስኪደርሱ ኮፈኑን ከፍተው ያዩት ወንድም ጋሼ ብቻ ነበሩ። «ይህን ሞተር ያስተካከለው ማነው?» ተብለው ሲጠየቁ «እኔ ነኝ» አሉ። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር፤ «የነካሁት እኔ ነኝ» አላልኩም። በዚያው ሳምንት ኮሚቴው የውድድር መኪና የማዘጋጀት ፈቃዳቸውን ነጠቀ፣ ጋራዡም አሰናበታቸው። ከሦስት ወር በኋላ የጋራዡ ባለቤት ቦታቸውን ለእኔ ሲሰጠኝ አልወስድም አላልኩም። የእሳቸው ቱታ ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ላይ የኔን ሰቀልኩ።

ከዚያ ወዲህ ወንድም ጋሼ ከቤታቸው ጀርባ ባለችው ክፍል የውኃ ፓምፕ፣ የልብስ ስፌት መኪናና ጄኔሬተር እየጠገኑ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበረችውን ትልቋን ልጃቸውን ትምህርት ቤት «የሞተር አቃጣዩ ልጅ» ይሏት ነበር። አንድ ቀን እያለቀሰች መጥታ «እውነት ነው ወይ?» ስትላቸው «ቆሜ እያየሁ ነው የተቃጠለው» አሏት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሳቸው ግን ባዳ አልሆነላቸውም፣ የሚታሙትን ሁሉ ይሰሙ ነበር። እኔም እሑድ እሑድ ማዕዳቸው ላይ እቀመጥ ነበር። ጥፋቱን የራሳቸው አድርገው ያምናሉ ብዬ አስብ ነበር። እንዲያ ማሰቡ ይመቸኝ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሳንባቸውን ታመው አልጋ ያዙ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ትንፋሻቸው ሲያጥር እያየሁ አልችል ብዬ «ወንድም ጋሼ፣ ስለዚያች ቀይ መኪና የምነግርዎ አለኝ» አልኳቸው። እጃቸውን አነሡ። «በአንድ ቀን ሁለት ነገር አይነካም። የዛሬው ሳል ይበቃናል፤ ነገ ና» አሉኝ፤ ፈገግም ብለው ነበር። በማግስቱ ስመጣ መናገር ተስኗቸዋል። ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ትናንት ልብሳቸውን ስናሰናዳ እትዬ ከቁምሳጥኑ ግርጌ የታጠፈች ጨርቅ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩ። የደረቀ ቀይ የጥፍር ቀለም ነበረባት። «ያን እሑድ ኪሱ ውስጥ ይዟት መጣ» አሉኝ። «መስመሩ ለሁለት ተከፍሎ ሲያየው ሰዎቹ ሳይደርሱ በቤንዚን ጠረገው። ቅዳሜ ሁሉም ምሳ ሲሄዱ ጋራዡ ውስጥ የቀረኸው አንተ ብቻ መሆንህን ያውቅ ነበር። ‹ገና ልጅ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ስሙ ይበላሽበታል፤ ሆድ ይፍጀው› አለኝ።»

«ታዲያ እትዬ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አላችሁኝ?» አልኳቸው።

«እስክትናገር እየጠበቅንህ ነበራ!» አሉኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ሳህኔ ላይ ምግብ እየጨመሩልኝ ይጠብቁኝ ነበር። ወይ እኔ! ቀይዋን መኪና ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ወንድም ጋሼ ያስተካከሉት ሞተር ደህና ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ስማቸውን የምታነሡ ሁሉ ይህን እንድትናገሩላቸው እለምናችኋለሁ፤ ልጆቻቸውም ቀና ብለው ይሂዱ።

ወንድም ጋሼ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የማይገባ ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፋርማሲስቱ ከፊት ወንበር ክራንቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ወንድም ጋሼን በቤታቸው ሳይጠይቁ የኖሩት በኔ ዝምታ ነው። ከዚህ ስወርድ በመጀመሪያ የምሄደው ወደ እሳቸው ነው። ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ ይገባኛል።

የሌላውን ጥፋት ተሸክመው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ያለፉትን የወንድም ጋሼን ነፍስ ፈጣሪ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ለእኛም ሰው በሕይወት ሳለ እውነቱን የምንነግርበት አንደበት ይስጠን። አሜን።