ኢብሴን የገደላት መንገዱ አይደለም

ውድ ኦላና፣

እንደምን ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና ብዕሬን አስቀመጥኩ። ደህና እንዳልሆንክ አውቃለሁ። እኔም ደህና አይደለሁም። ስለዚህ ሰላምታውን እንዝለለው። የምጽፍልህ በአማርኛ ነው። አንተና እኔ ስንገናኝ የምናወራው በኦሮምኛ እንደሆነ አልረሳሁም፤ ግን ኦሮምኛ ከኢብሴ ጋር የኖርኩበት ቋንቋ ነው፤ በእሱ ስለ ሞቷ ልጽፍ ስሞክር እጄ እምቢ አለኝ። አማርኛው አባቴ ከወሎ ሲሰፍር ይዞት የመጣው ነው። በእሱ ከሆነ ትንሽ እችላለሁ።

ያለፈው እሁድ ጅራታ ቤቴ መጣና ስልኩን አሳየኝ። መኪናው ቦይ ውስጥ በጎኑ አዘንብሎ የሚታይበትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፈህ፣ ከሥሩ «እህቴን መንገድ ገደላት» ብለህ ጽፈሃል። የማላውቃቸው ሰዎች ከታች እያለቀሱ ያጽናኑሃል፣ መንግሥትን ይረግሙልሃል። ጅራታ አንብቦልኝ ሲጨርስ እኔን ማየት ስላቃተው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ዣንጥላ ሲያይ ቆየ። ጅራታን ታውቀዋለህ፣ ጎረቤቴ ነው፣ የቀበሌያችን የቃሬዛ ማኅበር አለቃ። እኔ በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ። ሚስቴ እንዴት እንደሞተች አንተ ገና አልገባህም። መኪናው ውስጥ አብረኸን ነበርክ፣ አፈር ስናለብሳትም ነበርክ፣ ግን አልገባህም።

ከኖርዌይ የመጣህ ሰሞን መቱ ላይ አንተን ያላየ ሰው አልነበረም። ከአዲስ አበባ ጓደኛህ የተዋስከውን ያን ጥቁር መኪና ይዘህ ስትገባ ባጃጆቹ ሁሉ ጥግ ያዙልህ። ልዋሽህ አልፈልግም፣ እኔም ኮርቼ ነበር። የሚስቴ ወንድም ነህና። ሞተሩ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ነበር የሚሰማኝ፤ ወንበሩ ቆዳ፣ ጣሪያው መስታወት። ኖርዌይ ያለው የራስህ መኪና የዚህ መንትያ እንደሆነ ነገርከን፤ ክረምት ላይ እሱን ስትነዳ የተቀረጸውንም አሳየኸን። መሬቱ ነጭ፣ ዛፉ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፤ መኪናው ደግሞ በዚያ ሁሉ ነጭ መሃል እንደ ቀስት ይሄዳል። አባታችሁ ኦቦ ጭምዴሳ ስልኩን ከእጅህ ተቀብለው ደጋግመው አዩት። የሚያዩት በረዶውን አልነበረም፤ መሪው ላይ ያለውን እጅህን ነበር።

ጎሬ የወሰድከን ቀን ትዝ ይልሃል? ኢብሴ ወሯ ገብቶ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ከፊት አስቀመጥካት። ዳገቱ ላይ ጉም ወርዶ መንገዱን ውጦት ነበርና መኪናውን ቀስ አደረግከውና «በረዶ እንዲህ ነው፣ ግን ይንሸራተታል» አልክ። ከዚያ ማስተማር ጀመርክ። ፍሬን በድንገት አይረገጥም፤ ዓይን መሄድ ወደሚፈልጉበት እንጂ ወደሚያንሸራትተው አይታይም፤ መሪ የሚያዘው እንቁላል እንደሚያዝ ነው። ኢብሴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ታዲያ እንቁላል ታቅፈህ ከምትኖር አገርህ ገብተህ ዶሮ አትገዛም?» አለችህ። አንተም ስትስቅ መንዳት አቅቶህ ጥግ ይዘህ ቆምክ። ክረምት ሲገባ ጎማ ሳይቀየር፣ ብረት ጥርስ ያለው ጎማ ሳይታሰር፣ እዚያ አገር ከቤት እንደማይወጣም ያኔ ነው የነገርከን። የተቀመጥንበት መኪና ጎማ ግን ለአስፋልት የተሠራ ሰፊና ለስላሳ ነበር። አንዳችንም ጎንበስ ብለን አላየነውም።

ከዚያ ወደ እኛ አገር ዳሪሙ መጣህ። ዝናቡ ጋብ ብሎ መሬቱ ጠፍፎ ስለነበር መኪናው አባትህ ደጅ ድረስ ገባ። በጉ ታረደ፣ ዘመድ ተሰበሰበ፣ አንተ ስለ በረዶ አወራህ። በማግሥቱ ዝናቡ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ አላባራም።

ያን ዕለት ጠዋት ኢብሴ አባታችሁ ቤት ሳለች ደም አየች። የጤና ኤክስቴንሽኗ ዓያንቱ መጥታ አየቻትና ፊቷ ተለወጠ፤ ወደ መቱ ሆስፒታል አሁኑኑ አለች። ስልክ ደወለች፤ አምቡላንሱ ክረምት ላይ እስከሚደርስበት ጠጠር መንገድ ድረስ መጥቶ እንደሚጠብቀን ነገሯት። እስከዚያ ያለው የእኛ ሥራ ነው። የእኛን ሥራ ደግሞ እናውቀዋለን። ጅራታ ቃሬዛውን ከማኅበሩ ቤት አውጥቶ አመጣ፤ ወንዶቹ አንድም ሳይጎድል ደጅ ላይ ቆሙ። በአቋራጩ፣ በግንዱ ድልድይ፣ አራት ሲደክም አራት እየተካ፣ ጠዋቱ ሳይሞቅ ጠጠሩ ላይ ይደረሳል። በእኛ ቀበሌ ስንት እናት እንዲህ በሰው ትከሻ ወጥታ ልጇን ታቅፋ ተመልሳለች። ኢብሴን ልናስተኛት ብርድ ልብሱን እያነጠፍን ሳለ አንተ ከቤት ወጣህ።

«በሰው ትከሻ? መኪና እያለ?» አልክ።

ደጁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ያን ዝምታ አንተ እሺታ አደረግከው። ኦላና፣ እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ወደ ጠጠሩ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቀዋል። መኪና የሚሄድበት እሱ ብቻ ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ትራክተር እንኳን አይደፍረውም። ጅራታ ያውቃል። ዓያንቱ ታውቃለች። አባትህ ደግሞ እዚያው ነው ያረጁት። ግን ከስንት ዓመት በኋላ የመጣህ ልጅ ነህ፤ በሰው ሁሉ ፊት ቁልፉን ይዘህ ቆመሃል፤ ማን አፍ አውጥቶ «መኪናህ አይችልም» ይበልህ? ይሉኝታ ያዘን። እኔ «ኦላና፣ ቃሬዛው ይሻላል፣ ቁልቁለቱ አይታመንም» አልኩህ። አንተ ትከሻዬን መታ መታ አድርገህ በረዶ ላይ የነዳ ሰው ጭቃ እንደማይፈራ ነገርከኝ። ቀና ብዬ ኦቦ ጭምዴሳን አየኋቸው። «ልጄ የሚለውን ያውቃል» አሉ። አማች ነኝ፣ ያውም የሰፋሪ ልጅ። አማት ከተናገሩ በኋላ ምን ይባላል?

ኢብሴ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ ነበር። ቃሬዛውን አየችው፤ መኪናውን አየችው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አታሳፍረው፣ እንግዳ ነው» አለችኝና ወደ መኪናው ሄደች። ይህን አልሰማህም። አሁን ስማው።

ሌላም ያላየኸው አለ። እኛ ስንነሳ ጅራታ ባዶውን ቃሬዛ አንስቶ ከኋላ ሊከተል ነበር፤ ምናልባት ቢያስፈልግ ብሎ። አባትህ ከለከሉት። ባዶ ቃሬዛ ከታማሚ ኋላ ማስከተል ሟርት ነው፣ ልጄንም መናቅ ነው አሉት። ጅራታ መልሶ አስቀመጠው። ሰዉም ተበተነ፤ የገበያ ቀን ስለነበር አንዳንዱ ወደ ገበያ፣ አንዳንዱ በቆሎውን ከጦጣ ሊጠብቅ ወደ ማሳው ሄደ። መኪና አለ ተብሏላ።

የቀረውን አብረን ነው ያየነው፤ ግን እኔ እንዳየሁት ልንገርህ። ለኢብሴ ወንበሩን አሞቅክላት። የበረዶ ሥዕል ያለበትን ነገር ተጫንክ፤ መስታወቱ ላይ መብራት በራ። ኢብሴ ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጋ «ሞቀኝ» አለች፤ ደስ ያላት መሰለኝ። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ትምህርትህን ሁሉ ፈጸምክ። ፍሬን አልረገጥክም። ዓይንህ ወደ ታች፣ መሪው በሁለት ጣትህ። መኪናው ግን የጭቃው እንጂ ያንተ አልነበረም። በረዶ ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለው ብለኸናል፤ የእኛ ጭቃ ከሥሩ ያለው ሌላ ጭቃ ነው። ጎማው ጭቃውን ጠቅልሎ እንደ ሊጥ ለሰለሰ፤ በጎን ተንሸራተትንና የእሷን በር ቦዩ ግድግዳ ላይ ለጥፈን ቆምን። ነዳጅ ስትሰጥ ሞተሩ እያጓራ ጎማው ራሱን ቀበረ። ደጋግመህ ሰጠህ። እኔ «ይብቃህ» ስልህ አልሰማህም፤ እሷ «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ይብቃህ» ስትልህ ነው እጅህን ያነሳኸው።

በአንተ በር በኩል ስናወጣት ያ የቆዳ ወንበር ምን እንደሚመስል አይተሃል። አልጽፈውም።

ሽቅብ ሮጥኩ። ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አላውቅም። ቃሬዛው ደጅ ላይ ዝናብ ይደበድበዋል፣ አጠገቡ ሰው የለም። ጮህኩ። አባትህ ወጥተው ፊቴን ሲያዩ እሳቸውም መጮህ ጀመሩ፤ የዚያን ሽማግሌ ጩኸት እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጅራታ ከማሳ፣ ሌሎቹ ከገበያ መንገድ እየሮጡ እስኪመለሱ፣ ተሸክመዋት ጠጠር መንገድ ላይ ሊያደርሷት የሚችሉበት ጊዜ አለፈ። ሚስቴን የገደላት ይህ ጊዜ ነው።

ስንደርስ ጃኬትህን አልብሰሃት፣ ዛፍ ሥር ራሷን ጭንህ ላይ አድርገሃት ነበር። እኔ በሌለሁበት ምን እንዳወራችሁ አልጠየቅኩህም፣ አልጠይቅህም። ያ ያንተ ነው።

ተሸክመን ስንሄድ «እኔም ልያዝ» እያልክ ከኋላ ትከተል ነበር። ጫማህ ያዳልጥህ ነበር፣ ሁለቴ በጉልበትህ ወደቅክ፣ ተነስተህ እንደገና «ልያዝ» አልክ። ጅራታ «ተው ወንድሜ፣ አንተ እንግዳ ነህ» አለህ። ሌሎቹም እንዲሁ አሉህ፤ ደግነታቸው ነው። አንተም ተውከው፤ ሰንፈህ ሳይሆን አፍረህ ነበር።

እኔ በራስጌ በኩል ነበርኩ። ኢብሴ ዓይኗን ገለጠችና በስሜ ጠራችኝ፤ ጎንበስ አልኩ። «ኦላናም ይሸከመኝ» አለች። ለጅራታ ነገርኩት። ድካሙ ነው የሚያናግራት፣ እንግዳ እንዴት እናሸክማለን አለኝና ትከሻውን አስተካክሎ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ጠጠሩ ላይ ስንደርስ የአምቡላንሱ ሾፌር የኋላ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበር። ከቃሬዛው ጎን ስትሮጥ የመጣችው ዓያንቱ እጇን ያዘች፣ አንገቷን ዳሰሰች፣ ከዚያ የራሷን ነጠላ አውርዳ ፊቷን ሸፈነቻት። ልጃችንም ከእሷ ጋር ሄደ። ወንድ ይሁን ሴት እንዲነግሩኝ አልፈለግኩም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኛ ቤት ነቀዘ። አባትህ ከቤት አይወጡም፣ እህል በግድ ነው። «ልጄ የሚለውን ያውቃል» ያሉባትን አፋቸውን ይረግሟታል። በስልክ ስታናግራቸው ደህና ነኝ የሚሉህ ዛሬም እንዳትከፋ ብለው ነው። እኔ ማታ ማታ ለሁለት ሰው እራት አቀርብና ሳየው እተወዋለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ ለሚለኝ ሁሉ አሜን እላለሁ፣ ግን ውስጤ ምንም የለም፤ ባዶ ነው። በምን እንደሚሞላም አላውቅም።

ያ ጽሑፍህ ከወጣ ወዲህ ሰዎች መጥተው ቁልቁለቱን ፎቶ እያነሱ ነው፤ ጠጠር ይለብሳል ይባላል። ይልበስ። ለሌላ እናት ይሁናት። አንተ ግን መንገድ ገደላት ብለህ አትተኛ። መንገዱ እንደዚያ መሆኑን ሁላችን እናውቅ ነበር። የገደላት አንተን ማክበራችን ነው። ማክበራችንን ደግሞ እስከ መጨረሻው አላቆምንም፤ እህትህ ትከሻህን ስትለምን እንኳን እንግዳ ነው ብለን ከለከልናት።

ፎቶውን አውርደው። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጨርስ ፈልጌ ነበር፤ ስጠብቀው አልመጣም። ለሙት ዓመቷ ከመጣህ ሰዉ እንደ ልማዱ ወጥቶ ይቀበልሃል፣ በግ ያርድልሃል፣ ከሰው ሁሉ በላይ ያስቀምጥሃል። እኔ ቤት ግን ተነስቶ ወንበር የሚለቅልህ የለም። ኢብሴ ስትሞት ለእሷ እንግዳ አልነበርክም፤ ከእንግዲህም አትሆንም።

የእህትህ ባል
አራጌ
ዳሪሙ