ስድስተኛው አባት

ውድ ሮቤራ፣

ይህን ደብዳቤ ይዛልህ የመጣችው ጓደኛዬ ዶርቃስ ናት። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳትል አደራ ብያታለሁ፤ ስለዚህ አታስቸግራት፣ ቁጭ ብለህ አንብብ። ስልኬን አታነሳም፣ ኢሜይሌን አትመልስም። ሀዋሳ ገብተህ ዓሣህን እየበላህ አምቦን ረሳሃት። ቢሆንም ዛሬ ልቆጣህ አልተቀመጥኩም። እንዲያውም ከሐሙስ ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅኩ ነው፤ ኮምፒውተር ሱቃችን የሚመጡት ደንበኞች ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ስትሄድ በስልክ የላክህልኝ መልእክት ትዝ ይልሃል? «ሥራ አግኝቼ ሄጃለሁ። ደህና ሁኚ እህቴ።» እህቴ! አንድ ጠረጴዛ ላይ አብረን ስንሠራ ከርመን፣ በዝናብ ጃኬትህን አልብሰኸኝ አንተ በስብሰህ፣ ፍል ውሃው ጋ ተቀምጠን እስኪመሽ አውርተን፣ ዛሬ ነገ ሽማግሌ ይልካል ብዬ ስጠብቅ፣ እህቴ! ያን ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ስሰድብህ ከረምኩ፤ ምን ምን እንዳልኩህ ዶርቃስን ጠይቃት።

ነገሩ የሚጀምረው ከኦቦ ኤጄታ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ሱቃችን መጥተው ያሉትን አስታውስ፦ «ልጆቻችን አባቶቻቸውን መቁጠር አቃታቸው። ነገ ዘመዳሞች ሳይተዋወቁ ሊጋቡ ነው። እስከ ሰባት የሚቆጥር ነገር በኮምፒውተር ሥሩልን።» እኔ ከየሽማግሌው አፍ እየሰማሁ ስሞቹን ላስገባ፣ አንተ ገጾቹን ልትሠራ ተከፋፈልን። አንተ ራስህ መቼ ታውቃለህና! ከአራተኛው አባትህ በላይ «ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው» እያልክ ትስቅ ነበር። የአንተንም ሰባት አባቶች የነገሩኝ አባትህ ኦቦ ፈየራ ናቸው። ከብዙ ሰው ስም ጋር አብሬ አስገባኋቸውና ረሳኋቸው።

ጃንጎ በሚሉት የድረ ገጽ መሥሪያ የሠራኸው እኮ ሲያዩት ያምር ነበር። እያንዳንዱ ሰው አንድ ኦብጀክት ነው፤ ስም አለው፣ አባት አለው፤ አባትየውም በተራው ስምና አባት አለው። ቴምፕሌቱ ላይ፣ ገጹ ምን እንደሚያሳይ የሚታዘዝበት ቅጽ ላይ፣ በጥምዝ ቅንፍ መሃል ሰው፣ ነጥብ፣ አባት፣ ነጥብ፣ አባት፣ ነጥብ፣ ስም ብለህ ስትጽፍ ገጹ ላይ የሰውየው አያት ብቅ ይላል። አያቴ መጀመሪያ ብቅ ያለ ቀን ወንበርህን ገፍተህ ተነስተህ እስክስታ ወርደሃል። ከዚያ ማነጻጸሪያውን ገጽ ሠራህ፦ ግራ አንድ ሰው፣ ቀኝ ሌላ ሰው፣ ወደ ላይ ሰባት ሰባት አባት፤ አንዱ ረድፍ ላይ ያው ሰው ከተገኘ ረድፉ ቀይ ይሆናል። ቀይ ከሆነ ጋብቻ የለም፣ አለቀ።

አሁን ሐሙስ የሆነውን ስማ። አብራኝ የምትከራየው ፀዳለ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ «እኛም አገር እኮ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እኔንም አስገቢኝ» አለችና ደብረ ታቦር አባቷ ጋ ደወለች። እሳቸው በስልክ ቆጠሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ለጨዋታ እኔን ግራ፣ እሷን ቀኝ አድርጌ ገጹን ከፈትኩ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ረድፍ ቀይ! የእኔ ስድስተኛና ሰባተኛ አባቶች፣ ጃርሶና ዳዲ፣ ሄደው የፀዳለ አባቶች ሆነው ተቀምጠዋል።

«ወይ ጉድ! ስድስተኛው አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ጃርሶን ከየት አመጣሽብኝ?» ብላ ጮኸች።

ኦቦ ኤጄታን ከፀዳለ ጋር ሞከርኩ፤ ዘመድ ናቸው። የፈለግኩትን ሰው ከፈለግኩት ጋር ሳገናኝ አምቦ በሙሉ ቤተሰብ ሆኖ አረፈው። በዚህ ከተማ ማንም ማንንም ሊያገባ አይችልም!

ቴምፕሌትህን ከፈትኩት። የግራውን ሰባት መስመር ጽፈህ ጨርሰሃል፤ ወደ ቀኝ ገልብጠህ «ግራ» የሚለውን እየፋቅክ «ቀኝ» ስትል አምስቱን ቀይረሃል። ስድስተኛውና ሰባተኛው እንደተገለበጡ «ግራ» ናቸው። መብራት ሳይጠፋ ልጨርስ ብለህ ተጣድፈህ መሆን አለበት። ቴምፕሌቱ ምን በወጣው! አሳየኝ ያልከውን አሳየህ። የግራው ሰው አባቶች በቀኝ በኩልም ወጡ።

ከዚያ አንድ ነገር ከንክኖኝ በአንተ ኮምፒውተር የተከፈቱትን ገጾች አየሁ። ያነጻጸርከው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ እኔን በግራ፣ አንተን በቀኝ። ቀኑ ደግሞ የሄድክበት ዋዜማ። ለካ እህቴ ያልከኝ ቀዩን ረድፍ አይተህ ነው! ፀዳለን አቅፌ አለቀስኩ፣ መልሼ ደግሞ ከት ብዬ ሳቅኩ። አንተ ሰው! አንድ ጊዜ አይተህ ሻንጣህን ታነሳለህ? አባትህን መጠየቅ አፈርክ? እኔንስ?

መስመሮቹን አስተካክዬ እንደገና ከፈትኩት። አንድም ቀይ የለም። ቢሆንም ኮምፒውተሩን ማመን አቃተኝና ቅዳሜ ሆለታ ላይ መኪና ቀይሬ እንጭኒ አባትህ ጋ ወረድኩ። ኦቦ ፈየራ በር ላይ እንደቆሙ ሰባቱንም አንበለበሉልኝ፤ ስድስተኛው አዱኛ ናቸው። አንዱም ከእኔ ወገን አይደርስም። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ኮምፒውተር ላይ ስህተት ላርም ነው አልኳቸው።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ለኮምፒውተር ብሎ በዚህ ጭቃ እንጭኒ ድረስ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ሳቁብኝ። እኔም ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተውኝ ሲጨርሱ «ልጄ ሀዋሳ ቢሆን ምን ቸገረኝ? ደንቡ የሚፈልገው አባትን ነው። ሦስት ሰው ይዤ ከፋሲካ በኋላ አባትሽ ቤት እመጣለሁ» አሉኝ።

እኔ ግን «ማሎ ኦቦ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩልኝ» አልኳቸው።

ለምን እንዳስቆምኳቸው ልንገርህ። እወድሃለሁ ሮቤ። በጽሑፍ ማለቱ ይቀለኛልና ይኸው ብዬዋለሁ። ግን አንድ ፍርሃት አለኝ፤ ሳቄ ሁሉ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን ቀይ ረድፍ ስታይ በውስጥህ እፎይ ብለህ እንደሆነስ? እኔን ላለማግባት ሰበብ ስትፈልግ ራሱ መጥቶልህ እንደሆነስ? እንደዚያ ከሆነ አባትህ ሽማግሌ ይዘው መጥተው እንዲያፍሩ፣ አንተም በይሉኝታ እንድታገባኝ አልፈልግም። ዝምድናው ቀርቷል፤ ከእንግዲህ የምትለው ነገር የራስህ ነው።

ስለዚህ መልስህን በዶርቃስ አትላክ፣ በስልክም አልቀበልህም። አምቦ ና፣ ፊቴ ቆመህ ተናገር። እምቢ ልትለኝም ከሆነ ና።

ለንሳ
አምቦ፣ መጋቢት ፳፻፭ ዓ.ም.