ስፒከሩ ውስጥ የነበረው ሹራብ

ልደታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

የወንድሜ መርዶ ከመጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አስከሬኑ ከግንባር ስላልመጣ የሚለቀሰው በልብሱ ነው። እማዬ ልብሱን ድንኳኑ ውስጥ ስትደረድር፣ "ግራጫው ሹራቡስ የት ገባ?" አለችኝ።

የት እንዳለ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከመዝመቱ በፊት ለቴፓችን ጣውላ በኮላ እያጣበቀ በእጁ የሠራቸው ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ውስጥ፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ብሎ ለሁለት ቀዶ ጠቅጥቆታል። "አንተ፣ ሣጥኑን ከፍተህ ከነካካኸው አለቀለት" ብሎኝ ነበር።

ብሎኑን ፈትቼ አወጣሁላት። አፍንጫዋ ላይ አድርጋው ብዙ ቆየች።

"እሱን እሱን አይሸትም። ኮላ ኮላ ነው የሚለው" አለችና ከሌሎቹ ልብሶች ጋር አኖረችው።

ባዶዎቹን ሣጥኖች መልሼ ዘጋኋቸው። ሐዘን ቤት ቴፕ አይከፈትም። ምን ያህል እንዳበላሸኋቸው እንኳን መስማት አልችልም።