ኮምፒውተሩ ስለ አባባ እጅ ያወቀው

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትክ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ሰዓት ላይ እንደተደፋህ ነው የምትውለው? እማዬን ጉንፋኑ ለቀቃት? አባባስ ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ተወው፣ እሱ ቢጽፉትም አያልቅ።

አንተ ስለ አባባ እጅ መንቀጥቀጥ በቤቱ ኮምፒውተር ስታነብ ከርመህ፣ አባባ ዜና ሊያዩ ሲቀመጡ ከዜናው ጎን «እጅዎ ይንቀጠቀጣል?» የሚል ማስታወቂያ ድቅን ማለቱን ከሰማሁ ጀምሮ ልቤ አላረፈም። ሐኪሙ ቁርጡን እስኪነግረን አባባ እንዳይሰሙ ተነጋግረን ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የእጅ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው የገዛ እጃቸውን ነገር ከማሽን መስማት አልነበረባቸውም። ይሄን ዕቃ ማን ነገረው ብለው ሲጠይቁህ ወሬ ቀየርኩ አልከኝ። እኔም ብሆን ይሄንኑ ነበር የማደርገው።

እዚህ የምሠራበት መጋረጃ ቤት መርፌ የምንላት ጨርቅ ቆራጭ አለች፤ ሰውነቷም ምላሷም መርፌ ነው። የሱቁ ኮምፒውተር በእሷ እጅ ስለሆነ ጉዳዩን አጫወትኳት። አንድ የጨርቅ መሸጫ ገጽ ከፈተችልኝና ብሮውዘሩ ላይ ከጨመረቻቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ኤክስቴንሽን ከሚሏቸው፣ አንዱን ጠቅ አደረገችው። እኛ ጨርቁን ስናይ እኛን ሊያዩ የመጡትን በየስማቸው ዘረዘራቸው። ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? ከአርባ በላይ። ለአንድ መጋረጃ! ጋሻ የምትለውን ይሄንኑ ፕሮግራም ስታጠፋው ማስታወቂያው ከየአቅጣጫው ግር ብሎ ገባ፣ ስታበራው ጭጭ። ማን ነው የሠራው ብላት፣ ይሄኛውን የሚሠሩት ገንዘብ የማይጠይቁ ሰዎች ናቸው፣ አሠራሩንም ማንም እንዲመረምረው ገልጠው ያስቀምጡታል አለችኝ። የማያውቀኝ ሰው እኔን ለመሸጥ ሲደክም ይውላል፣ ሌላ የማያውቀኝ ሰው ደግሞ እኔን ለመሸሸግ ሲደክም ያድራል። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

አንተን ግን በስልክ ጋሻ ጫንበት ብዬ መዝጋቴ አላዋጣም። አንተ ሆዬ ጋሻና ቁልፍ የተሳለበትን ሁሉ ለቃቅመህ ጫንክበት። ሰዓት ጠጋኝ መቼም መለዋወጫ በዛብኝ አይልም። ገጹ አልከፈት ሲል፣ ማስታወቂያውም ጭራሽ ሲብስበት፣ የላክልኝን ፎቶ ለመርፌ አሳየኋት። አንዱ ላይ ጣቷን ቀስራ ዘበኛ ብሎ የቀጠረው ሌባውን ነው አለች። ቅናሽ ዋጋ አፈላልግልሃለሁ እያለ የምትገባበትን ሁሉ ለሌላ ያሳብቃል። እኛ መጋረጃ ሰቅለን ስንጨርስ ውስጥ መብራት አብርተን አንዳችን ወደ ውጭ ወጥተን እናያለን፤ ከውስጥ ሲያዩት ያማረ ሁሉ ከውጭ አይሸፍንምና። ያንተንም ያየችው በዚያው ዓይን ነው።

ሁሉንም አውጥተህ ማስታወቂያውንና ኋላ ኋላ የሚከተሉትን የሚያግደውን አንዱን ብቻ አስቀር ብዬ በስልክ የነገርኩህ ለዚህ ነው። ወደፊትም ብትጨምር ከብሮውዘሩ ከራሱ መደብር አውርድ፣ ሠሪው ማን እንደሆነና በቅርብ መታደሱን እይ፣ የሚጠይቅህን ፈቃድም ሳታነብ እሺ አትበል። ቅናሽ ፈላጊ የባንክህን ገጽ ማንበብ ምን ቤት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩን አባባም ስለሚያነሱት ነው። እሑድ ደወሉልኝ። ማስታወቂያው እንደቀረ ነገሩኝና ወንድምሽ ምን አድርጎ ነው አሉኝ። እኔም ያየሁትን ሁሉ፣ ያን ሁሉ ተመልካች፣ ጋሻውንም አጫወትኳቸው። ከዚያ ስለ እጃቸው ኮምፒውተሩን የጠየቁት እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ነገሩኝ። አንተ ሱቅ ስትሄድ፣ ጣታቸው ፊደሉን እየሳተባቸው፣ ካንተ ቀድመው ሲጽፉ ከርመዋል። ማን ነገረው ብለው የጠየቁህም ማስታወቂያውን አይተህ እንደነቃህ ሊያጣሩ ነበር። ሐኪሙ ቁርጡን እስኪነግረኝ ልጁ እንዳይደነግጥብኝ፣ አንቺም አደራ እንዳትነግሪው አሉኝ። የእኛኑ ቃል። እኔ ግን እሺ አላልኳቸውም።

ወንድም ጋሼ፣ ከዚያ ከአርባ ተመልካች ይልቅ ይሄ አስደነቀኝ። አንድ ወንበር ላይ በየተራ እየተቀመጣችሁ አንዱን ጥያቄ ስትጽፉ ከርማችኋል። ሰው ሁሉ ያወቀውን አባትና ልጅ ተደባበቃችሁ። ጋሻው ለባዕድ ነው የተጫነው እንጂ እናንተን ለመለየት አይደለም። ይሄን አንብበህ ስትጨርስ ኮምፒውተሩን አጥፋና አጠገባቸው ተቀመጥ። ሐኪሙም ጋ አብራችሁ ሂዱ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ የገዛሁላት ሻሽ ይደርሳታል በልልኝ። ለሚስትህ ለእቴቴ እጅግ አድርጌ ሰላም ብያለሁ፣ ባሏን ትንሽ ከወንበር ታስነሳው። ልጅህን ድንቢጥን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስትሽ አልረሳችሽም በላት። የአባባን ሰላምታ ግን በአፍ አታድርስልኝ፤ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሁለት እጅህ ያዝልኝ፣ እሳቸው ይገባቸዋል።

እህትህ
ከመጋረጃ ቤቱ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት