ጥጃዋ የነቀለችው ችካል

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2008 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት የሰፈሩ ወጣቶች መጥተው፣ «ኦቦ ደገፋ፣ ይፍቀዱልንና የቀበሌ ሰዎች መሬታችንን ለከተማ ለሚወስደው ማስተር ፕላን ብለው ማሳዎ ላይ የተከሉትን ችካል እንንቀለው» አሉኝ። ከለከልኳቸው። እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝ፤ ማንም እንዳይነካው ለቀበሌው ዋስ ሆኛለሁ። ደም ሲፈስ በጦር ሜዳ አይቼ ጠግቤያለሁ፤ ገብስ ማሳዬ ላይ ማየት አልፈልግም።

ከሰዓት ከእድር ስመለስ ጥጃችን ያንኑ ችካል በገመድ እየጎተተች አውድማው ላይ ትዞራለች። ችካሉ ላይ ያሰረቻት ባለቤቴ ጫልቱ ናት። «የጠነከረ መስሎኝ ነው» አለችኝ ፊቷን አዙራ። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ ሳቋን ስትደብቅ አውቃታለሁ። ልቆጣ አፌን ስከፍት እኔኑ ሳቅ ቀደመኝ።

ነገ የቀበሌ ሰዎች ሊያዩ ይመጣሉ። ቃሉን በላ እንዳልባል መልሼ ልተክለው ዶማ ይዤ ወጣሁ። ጫልቱም ተከተለችኝ። «ቦታው የቱ ጋ ነበር?» አለች።

በውትድርናዬ ዘመን ፈንጂ ቀባሪ ነበርኩ። የቀበርኩትን ከወራት በኋላ በጨለማ ሄጄ አወጣው ነበር።

ችካሉ የተነቀለበት ጉድጓድ ላይ ቆሜ፣ «እንጃ፣ ጠፋኝ» አልኳት።