መጀመሪያ ለልጄ የጨለፍኩት ገንፎ

ዘንገና አካባቢ፣ ጥቅምት 2010 ዓ.ም.

ውድ ውቢት፣

ሰው አጣሞ ሳይነግርሽ ከእኔው ስሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ደህና ነኝ፤ ልጄ እመቤትም ደህና ናት።

ወደ ዳንግላ ስትዛወሪ የተማሪዎቹን ቁርስ ለእኔ ብቻ ጥለሽልኝ በመሄድሽ ተናድጄብሽ ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ። አብረን ስንት ለምነን ያገኘነው ዱቄት ገና ጆንያው ሳይፈታ፣ "ሴቶቹን የሚያመክን መድኃኒት አለበት" የሚል ወሬ አገሩን አዳረሰው። ገንፎው ይቀርባል፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ቆመው ምራቃቸውን እየዋጡ ያዩታል። አባበልኳቸው፣ አዘፈንኳቸው፣ ቀድሞ የበላ ደወሉን ይደውላል አልኳቸው። ማንም ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ክፍል ገብተው ዴስኩ ላይ ድፍት ይላሉ። መቼም ታውቂዋለሽ።

ማክሰኞ ዕለት ሌላ ዘዴ ሲጠፋኝ እመቤትን ይዣት ሄድኩ። በሁሉም ፊት ለእሷም ለራሴም ጨለፍኩ። ሕፃን ናት፣ ስለ ወሬው ምን ታውቃለች? ሳህኗን ጠራርጋ "እማዬ፣ ድገሚኝ!" ስትል ልጆቹ ሳቁ። ሀይማኖት የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ቀድማ መጣች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ደስታዬን አትጠይቂኝ።

ብዙም አልቆየ። ሀይማኖት ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ ፊቷ አመድ መሰለ፤ አስመለሳትና ወደቀች። አንዱ "መርዝ ነው!" ብሎ ጮኸ። ግቢው በጩኸት ተናወጠ። እመቤትን አቅፌ ሆዷን እየዳሰስኩ "ያምሻል? ያምሻል?" እላታለሁ። ሁኔታዬ አስፈርቷት አለቀሰች፤ ስታለቅስ ደግሞ አመማት ብዬ ይብሱን አጥብቄ አቀፍኳት። በገዛ እጄ ነዋ ያበላኋት፣ ውቢት!

የልጅቷ አባት ሽመክት ዱላውን እንደያዘ ከማሳው ሮጦ ደረሰ።

"መምህርት፣ ልጄን ምን አበላሻት?"

"የራሴን ልጅ ያበላኋትን" አልኩት። ድምፄ የተሰማው አይመስለኝም።

እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በባጃጅ እንጅባራ አደረስናት። መንገዱን ሙሉ እመቤትን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር። ሐኪሟ ልጅቷን መርምራ ግሉኮስ ከሰካችላት በኋላ "ትናንት ምን በላሽ?" አለቻት። ሀይማኖት ለአባቷ በአዊኛ ቀስ ብላ ነገረችው። ሽመክት መሬት መሬቱን እያየ ተረጎመልን።

"ምንም" አለ። "ራቷን ለታናናሾቿ ስትሰጥ ነው የከረመችው። እኛ የበላች መስሎን…"

ሐኪሟም "ምግቡ አይደለም የጣላት። ባዶ ሆድ ከርማ በጥድፊያ ስለበላች ነው" አለችን። ያኔ ነው እኔም ያለቀስኩት።

ረቡዕ ጾም ስለነበር ሐሙስ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣ ድስቱ አጠገብ ቆምኩ። ወላጆች አጥሩ ጥግ ተሰብስበው ይንሾካሾካሉ። ሮጬ ብጠፋ በወደድኩ። ሽመክት ሀይማኖትን አዝሎ በመሃላቸው አልፎ መጣ።

"ለእኔም ጨልፊልኝ" አለኝ።

ሁሉም እያዩት ቆሞ በላ። ቀጥሎ ለልጁ አቀበላትና "ቀስ ብለሽ" አላት። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ማን ይቻላቸው!

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠራቸው ይሰለፋሉ። ከቤታቸው ምንም ሳይቀምሱ፣ እኔን አምነው ይመጣሉ። እኔ ግን አሁን የባሰ ፈርቻለሁ። የቀረው ዱቄት ትንሽ ነው፤ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። አንድ ጠዋት ተሰልፈው ባዶ ድስት ቢያዩ ምን እላቸዋለሁ? አንቺ እዚያ ዱቄቱን ለሚልከው ቢሮ ቅርብ ነሽና እባክሽ ግቢና ጠይቂልኝ። ዝም ካሉሽም በማግስቱ ተመለሽ።

ምላሽሽን በጭንቀት የምትጠብቅ
እህተማርያም